ኧረ ጉርሻው ይቅርባት!

ሥጋ በል ተክል ቤታቸው ውስጥ የሚያበቅሉ ሰዎች ብዙ አይደሉም። ብሶታቸው ግን ቁጥራቸውን አይመስልም። ሁለት ሆነው በተገናኙ ቁጥር ወሬው ስለ ውሃ፣ ስለ እንግዳ ጣት፣ ስለ መብራት ሂሳብና ስለ ፍሪጅ ነው፤ ስለ ተክሉ ውበት ለማውራት ጊዜ አይተርፍም። እኔም የዚህ ማኅበር አባል ነኝ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በረንዳ በሌለው አፓርታማ ውስጥ፣ ከመጻሕፍት መደርደሪያዬ ሁለት ረድፍ አስለቅቄ በኤልኢዲ መብራት ሥር ነፍሳት የሚያጠምዱ ተክሎች አሳድጋለሁ። መጻሕፍቱ አልጋ ሥር ገብተዋል። የዚያን ነገር ባለቤቴ ሳትጠየቅ ስለምትነግራችሁ እኔ ወደ ራሴ እሮሮ ልለፍ።

ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። እነዚህ ተክሎች በሁሉ ነገር ድሃ፣ በብርሃን ብቻ ባለጠጋ ሆነው የተፈጠሩ ናቸው። አፈራቸው ምንም የማያፈራ ቢሆን፣ ውሃቸው ባዶ ውሃ ቢሆን፣ በወር አንዲት ትንኝ ብቻ ብትደርሳቸው ቅር አይላቸውም። ብርሃን ሲጎድል ግን ያልቃሉ። ዓለም ደግሞ ነገሩን ገልብጦ ይዞታል። አፈር ይለግሳል፤ ማዳበሪያ ይለግሳል፤ ማዕድን የበዛበት ውሃ ይለግሳል፤ ሥጋማ አይነገርም። ብርሃን ላይ ሲደርስ ቁጠባ ትዝ ይለዋል። እኔን ያስመረረኝ ደግ ሰው ነው። ከንፉጉ ጋር እንኳ እንስማማለን።

መከራው ከሱቅ ይጀምራል። ቬነስ ፍላይትራፕ፣ ማለትም ያቺ ቅጠሏን እንደ አፍ ከፍታ ዝንብ የምትጠብቀው፣ የፕላስቲክ ክዳን ተደፍቶባት ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ ተደርድራ ትሸጣለች። በጥቅምት መጨረሻ፣ የሃሎዊን ሰሞን፣ ከአጽምና ከሸረሪት ድር አሻንጉሊት ጋር ትሰለፋለች። ያ ወቅት ደግሞ እሷ ለክረምት እንቅልፍ የምትሰናዳበት ነው። በሱቁ መብራት ሥር ሳምንታት ቆይታ ገርጥታለች። የተለጠፈባት ወረቀት «ቀጥተኛ ፀሐይ አያግኛት» ይላል። ልጆች ያዩዋታል፣ ወላጅ ይገዛል፣ ወር ሳይሞላ ትሞታለች፤ «አስቸጋሪ ተክል ናት» የሚል ስምም ይወጣላታል። ወረቀቱን የጻፈ ሰው አገሯን አንድ ቀን አይቶ ቢሆን ኖሮ ያችን ዓረፍተ ነገር ባልጻፋት ነበር።

አገሯ ሩቅ አይደለም። በዓለም ላይ በተፈጥሮ የምትበቅለው በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና የባሕር ጠረፍ ሜዳ ብቻ ነው፤ ዊልሚንግተን ከተማን መሐል አድርጋችሁ በየአቅጣጫው 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄዱ አገሯን ጨርሳችኋል። ከእኛ ሰፈር በመኪና የስድስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። መሬቱ አሸዋማ፣ ውሃ ያቆረ፣ ኮምጣጣ፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እጅግ ያነሰበት ነው። ገበሬ ቢያየው ትቶት ይሄዳል። እሷ እዚያ መሬት ላይ ለመኖር ያገኘችው ዘዴ ከአፈሩ ያጣችውን ማዳበሪያ ከነፍሳት መውሰድ ነው። ልብ በሉ፤ ከነፍሳቱ የምትወስደው ማዳበሪያውን ነው። ጉልበቷን እንደ ማንኛውም አረንጓዴ ተክል የምታገኘው ከፀሐይ ነው።

የፀሐዩ ነገር እዚያ አገር ቀልድ አይደለም። ሜዳው ላይ ረጃጅም ጥዶች አሉ፤ ከሥራቸው ግን በቂ ብርሃን ይወርዳል፤ ምክንያቱም በየጥቂት ዓመቱ እሳት እየመጣ ቁጥቋጦውን ይጠርገዋል። እሳት ሲቀር ቁጥቋጦው ይነሣል፣ ጥላ ያጠላል፣ ተክሏም ትጠፋለች። ስለዚህ የጥበቃ ሠራተኞች ሆን ብለው፣ ቀንና ነፋስ መርጠው ሜዳውን ያቃጥላሉ። ከባለመሬቱ ፈቃድ ውጭ ከዱር ነቅሎ መውሰድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1 ቀን 2014 ጀምሮ በሰሜን ካሮላይና ከባድ ወንጀል ሆኗል። እስቲ ፍረዱ፤ አገሯ ላይ ብርሃን እንዲደርሳት ቁጥቋጦ ይቃጠልላታል፤ እኛ ቤት አንድ አምፖል በቀን በራ ተብሎ የቤተሰብ ስብሰባ ይጠራል።

አሁን ወደ ጉርሻው ልምጣ። ሥጋ ትበላለች ሲባል የሰማ ሐበሻ እጁን ሰብስቦ አይቀመጥም። በአንድ የፋሲካ በዓል አክስቴ ከአሌክሳንድሪያ መጥተው፣ ሰላምታው ሳያልቅ ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ አረፈ። ጠጋ ብለው አዩዋት። ቁርጡ ቀርቧል፣ አዋዜው ተበጥብጧል፣ ሰው ሁሉ ቢላ ይዟል።

«አንተ ልጅ፣ ይቺ ፍጥረት አፏን ከፍታ ቁጭ ብላ አንተ ትበላለህ?» አሉኝ።

«ምግቧ ብርሃን ነው አክስቴ።»

«ብርሃን ደግሞ ይበላል እንዴ? ሁዳዴን በሙሉ አስጹመሃት፣ ዛሬ በፋሲካ እንኳ አትፈታም?»

መልስ ለመስጠት አፌን ስከፍት ከቁርጡ ላይ ጮማ ያለበትን መርጠው፣ በቢላ ቁንጥር አድርገው፣ «እንቺ! በሞቴ!» ብለው አጎረሷት። ወጥመዱ ጥርቅም አለ። ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ለሁለተኛው አፍ ደገሙ። ይህን ጊዜ እልልታም ነበረበት።

የወጥመዱ ጠርዝ ላይ ያሉት ጣት መሰል እሾሆች ጮማውን መሐሉ ላይ ነክሰው፣ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ ያብለጨልጭ ነበር። ወጥመድ ዙሪያውን ጥብቅ ብሎ ካልገጠመ የምግብ መፍጫው ፈሳሽ ይንጠባጠባል፣ አየር ይገባል፣ ሻጋታ ይከተላል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ጠርዙ ቡናማ ሆነ፤ ቀጥሎ ጠቆረ፤ መደርደሪያው ሥጋ ቤት ሸተተ። የጠቆረውን በመቀስ ቆርጬ እያነሣሁ ሳለ ስልክ ተደወለ። «በላች?» አሉ አክስቴ። «በላች» አልኳቸው። ለአክስት ሌላ ምን ይባላል?

ትንሽ ሥጋ መብላት ባልጎዳት ነበር ትሉ ይሆናል። ጉዳዩ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ የወጥመድ ገጽ ላይ ብዙውን ጊዜ ሦስት ስስ ፀጉሮች አሉ። አንዱ አንድ ጊዜ ቢነካ ምንም አታደርግም፤ የዝናብ ጠብታ ሊሆን ይችላላ። በ20 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ሁለተኛ ንክኪ ሲመጣ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ትዘጋለች። በጀርመን የቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት ከዚያም በኋላ መቁጠሯን አታቆምም። የተያዘው ነፍሳት ሲንፈራገጥ ንክኪው አምስት ገደማ ሲደርስ የምግብ መፍጫ ኢንዛይም ማምረት ትጀምራለች። ቁርጥ አይንፈራገጥም። ስለዚህ ወይ ተታለልሁ ብላ በማግስቱ ትከፍተዋለች፣ ወይ እላዩ ላይ ይበሰብስባታል። ባዶ ገብስ ቆሎ የለመደ ሆድ ላይ ጮማ ስትጭኑበት የሚሆነውን ታውቁታላችሁ፤ ያው ነው።

ጉርሻ ያልያዘው ደግሞ ጣት ይዞ ይመጣል። የእንግዳ ጣት! ትልቅ ሰው፣ ዲግሪ ያለው፣ ልጆቹን «አትንኩ» ብሎ የሚቆጣ ሰው፣ እዚህ መደርደሪያ ፊት ሲቆም ሌባ ጣቱ አይታዘዝለትም። «አንዴ ብቻ» ይላል። ሰባት ሰው ሲመጣ ሰባት «አንዴ ብቻ» ነው። እያንዳንዱ ወጥመድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይዘጋል፤ ከዚያ ይደክምና ይሞታል። በባዶ የተዘጋ ሁሉ ጉልበት አውጥታ ምንም ያላገኘችበት ነው። ይህንን አስረድቼ ስጨርስ የሚመጣልኝ መልስ «ታዲያ የኔን ጣት ለምን አልበላችውም?» የሚል ነው።

የሚያበሳጨው ይህ ልማድ ከአክስቴ ያልጀመረ መሆኑ ነው። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1875 ባሳተመው ነፍሳት በል ተክሎችን በሚመለከት መጽሐፉ ውስጥ፣ ሰንዲው የምትባለዋን፣ ቅጠሏ ላይ በሚያብረቀርቅ ሙጫ ትንኝ የምትይዘዋን፣ ጥሬ ሥጋና ወተት ሳይቀር እየሰጠ ፈትኗታል። ልጁ ፍራንሲስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1878 ትንንሽ የተጠበሰ ሥጋ ያገኙት ሰንዲዎች ካላገኙት የበለጠ ዘር እንደሰጡ አሳየ። ይህን አክስቴ ባይሰሙት ይሻለኛል። የሰሙ ቀን የዳርዊን ቤተሰብ ምስክር ሆኖላቸው በሳህን ጥብስ ነው ይዘው የሚመጡት። የፍራንሲስ ቁራጮች ግን እጅግ ጥቃቅን ነበሩ፤ ሰንዲውም ወጥመድ አትዘጋም፤ ደግሞም አንድም ሰው «በሞቴ» አላላትም።

ውሃውስ? ሥጋ በል ተክል ማዕድን አይችልም። ሥሩ ለባዶ ውሃ የተሠራ ነው። በውሃው ውስጥ የሟሟው ማዕድን በሚሊዮን ከ50 ክፍል በታች ይሁን የሚባለው ለዚህ ነው። የቧንቧችን ውሃ ውስጥ መለኪያውን ብትነክሩት ቁጥሩ ከዚያ በብዙ እጥፍ ያልፋል። በጆግ የሚመጣው ማጣሪያ ጣዕሙን ያሻሽላል እንጂ የሟሟውን ማዕድን እንደሚፈለገው አያወጣም። ይህን ለሰው ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። «አፍልተህ ስጣት» ይላል አንዱ፤ ሲፈላ የሚተነው ውሃው ስለሆነ ብዙው ማዕድን እዚያው ድስት ውስጥ ይቀራል። «የምንጭ ውሃ ግዛላት» ይላል ሌላው፤ ምንጭ ማለት ከድንጋይ ውስጥ ማዕድን ለቅሞ የወጣ ውሃ ነው። ከሁሉ የባሰው፣ ተክሉን እንዲጠብቅልኝ ቁልፍ የሰጠሁት አንድ ወዳጄ ነው። ከጉዞ ስመለስ ትሪው ላይ ጥቃቅን አረፋ ይታየኛል። አምቦ ውሃ! «ለጨጓራ ጥሩ ነው ብዬ ነው» አለኝ። በዓለም ካለው ውሃ ሁሉ ለእሷ የመጨረሻውን መርጦላታል፤ ያውም ከኢትዮጵያ ዕቃ መደብር በውድ ገዝቶ።

ስለዚህ ዲስቲልድ ውሃ በጋሎን እየተሸከምን ደረጃ እንወጣለን። ሊፍቱ ሲበላሽም ያው ነው። ቤተሰቡ ቡናውን በቧንቧ ውሃ ያፈላል፤ ተክሏ የተጣራ ትጠጣለች። የባለቤቴ እናት ይህን ባዩ ቁጥር «ለሰው ያልተገዛ ውሃ» ይላሉ። ልክ ናቸው። ግን አክብሬያት እንዳይመስላቸው፤ ከሰው ያነሰውን ውሃ ነው የምሰጣት፤ ምንም የሌለበትን። ያ ውሃ ነው እንግዲህ ውድ የሆነው! ድህነትን በዶላር ስገዛ እኖራለሁ።

አፈሩም እንዲሁ ነው፤ ብዙ አላስለቅሳችሁም። ምንም ያልተጨመረበት ፒት ሞስና ፐርላይት፣ እኩል በእኩል፣ አለቀ። ነገር ግን ከመደብር ውስጥ ምንም ያልተጨመረበት ከረጢት ማግኘት በሰኔ በረዶ መፈለግ ነው። ሁሉም ላይ «ለስድስት ወር የሚመግብ» ተብሎ በደማቅ ተጽፏል። ሠራተኛውን «ማዳበሪያ የሌለበት አለ?» ብላችሁ ስትጠይቁት በሐዘኔታ ያያችኋል፤ ከዚያም ዞር ብሎ ከፍ ያለ ማዳበሪያ ያለበትን ይጠቁማችኋል።

እንግዲህ ዋናው ቁስል ላይ ደርሰናል፤ ብርሃን ላይ።

ሰው ሁሉ «ቤቴ ብሩህ ነው» ይላል። ዓይን አታላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ደጅ ያለው ብርሃን 100 ሺህ ሉክስ ገደማ ነው። ማታ አምፖል የበራበት ሳሎን ጥቂት መቶ ሉክስ ቢያገኝ ነው። ልዩነቱ በመቶዎች እጥፍ ይቆጠራል፤ ዓይናችን ግን ብሌኑን እያሰፋና እያጠበበ ሁለቱንም ብርሃን ብሎ ያልፋቸዋል። ተክል ብሌን የላትም። የደረሳትን ያህል ነው የምትኖረው። ሲያንሳት ቅጠሏ ይረዝማል፣ ይሰፋል፣ ይልፈሰፈሳል፤ ወጥመዱ ያንሳል፤ የውስጡ ቀይ ቀለም ይጠፋል። የሰንዲውም ሙጫ ይደርቃል። በዚህ ጊዜ የሚመጣ እንግዳ ምን ይላል? «እንዴት ለምልማለች!» ይላል። ያ መለምለም መራብ ነው ብትሉት አያምናችሁም። በደንብ በርቶላት ቅጠሏ አጠር፣ ጠንከር ብሎ የወጥመዷ ውስጥ እንደ በርበሬ ሲቀላ ደግሞ «ምነው፣ ተቃጠለች እንዴ?» ይላችኋል።

የእኛ መስኮት ወደ ሰሜን ያያል፤ ፊት ለፊቱ ሌላ ሕንፃ ቆሟል። ስለዚህ ኤልኢዲ የግድ ነው። ሰማያዊ ኤልኢዲን የፈጠሩት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የኖቤል የፊዚክስ ሽልማታቸውን የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ነው፤ ያ የካሮላይና ሕግ ሥራ ላይ በዋለበት በዚያው ወር። ነጭ ኤልኢዲ የሚሠራው ሰማያዊውን በፎስፈር ሸፍኖ ስለሆነ የእነሱ ሥራ ባይኖር መደርደሪያዬ ጨለማ ነበር። ምርቃቴ ይድረሳቸው። እርግማኔ ግን መብራቱን ለሚሸጡት ነው።

ሳጥኑ ላይ በትልቁ «1000 ዋት» ይላል። በመብራቱና በሶኬቱ መካከል የኃይል መለኪያ ስትሰኩበት 100 ዋት ገደማ ይስባል። ላም አለኝ በሰማይ! ሻጩን ብትጠይቁት «ከ1000 ዋት ጋር የሚስተካከል ማለታችን ነው» ይላችኋል። ከየትኛው 1000 ዋት ጋር እንደሆነ አይነግራችሁም። ሌላው በሉመን ይምላል። ሉመን ለሰው ዓይን የተሰፋ መለኪያ ነው፤ ዓይናችን አረንጓዴና ቢጫ ላይ ስለሚበረታ ለእነሱ ያደላል። ለተክል የሚጠቅመው ቁጥር በየሰከንዱ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ስንት የብርሃን ቅንጣት እንደወረደ የሚናገረው ነው፤ በማይክሮሞል ይለካል። ለቬነስ ፍላይትራፕ ቤት ውስጥ ከ200 እስከ 400 ማይክሮሞል፣ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ቢደርሳት ደህና ትሆናለች። ደጅ በፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ቁጥሩ ወደ 2000 ይጠጋል። ይህን አንድ ቁጥር፣ ከምን ያህል ርቀት እንደተለካ ጨምሮ፣ ሳጥኑ ላይ ማተም ምን ይከብዳል? ርቀቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከትንሽ የብርሃን ምንጭ ርቀቱን እጥፍ ብታደርጉት የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ሳጥኑ ላይ ያለው ግን የግዙፍ ቲማቲም ሥዕልና የአምስት ኮከብ ምልክት ነው።

ከዚያ ሐምራዊዎቹ አሉ። ተክል ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ይበቃዋል ተብሎ የተሠሩት፣ ሳሎኑን የምሽት ክለብ የሚያስመስሉት። ይሠራሉ፤ አልክድም። ነገር ግን በእነሱ ሥር ቅጠሉ ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ ጤነኛውንና በሽተኛውን መለየት አይቻልም፤ ሻጋታ መምጣቱን የምታውቁት ከደረሰ በኋላ ነው። ደግሞ መስኮት አልፎ ጎረቤት ጋ ይደርሳል። በሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2023 ወዲህ ለትልቅ ሰው ካናቢስ ሕጋዊ ስለሆነ እንደ ድሮው በጥርጣሬ የሚያይ የለም። አሁን የሚያጋጥመው ሌላ ነው፤ አሳንሰር ውስጥ ፈገግ ብሎ «አሪፍ ነው፣ ሲደርስ አትርሳኝ» የሚል ፈረንጅ ጎረቤት አለ። የሐበሻው ጎረቤት ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጫቱ እዚህ አገር ይይዛል እንዴ?» ይላል። ነጭ መብራት ቀይሬ እንኳ ጥያቄው አልቆመም፤ ስም አንዴ ከወጣ ወጣ ነው።

ሂሳቡን ልንገራችሁ። 100 ዋት በቀን 16 ሰዓት ቢበራ በወር 48 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሰማይ የሚደፋ አይደለም። ከፍሪጁና ከልብስ ማድረቂያው ጎን ስታስቀምጡት ማንንም አያስነሣም። ግን የሚታይ ነገር እሱ ስለሆነ የቤቱ የመብራት ሂሳብ በሙሉ ኃጢአቱ በእሱ ላይ ይለጠፋል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ይበራል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይጠፋል። የዚህ ታይመር ነገር ሌላ መከራ ነው። መብራት ለአፍታ ብልጭ ብሎ ከተመለሰ ሰዓቱ ይዛባል፤ ከዚያ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሳሎኑ ድንገት ይነጋል፤ ሶፋው ላይ የተኛው እንግዳ የመጨረሻው ቀን የመጣ ይመስለዋል።

ታይመሩን ያልጣሰ ደግሞ በእጁ ያጠፋዋል። ያችው ጮማ ያጎረሷት አክስቴ፣ ያን ያህል ቸር የሆኑት፣ በዚያው ፋሲካ በቀትር መብራት በርቶ ሲያዩ እጃቸው አላስችል አላቸው። «ለማን ነው የሚበራው? ማንም የለም እኮ!» ብለው ቀጭ አደረጉት። ለደግነታቸው ነው፤ ሂሳቤን ሊያድኑልኝ። እሷ ደግሞ በዚያ ቀን ከቸርነት ሁሉ የሚያስፈልጋትን አንዱን አጣች። ሥጋው ሳይነፈጋት ብርሃኑ ተነፈጋት። እንግዲህ የእኛን ማኅበር ብሶት በአንድ ቀን ውስጥ ጨርሳችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ፋሲካን እኛ ቤት አሳልፉ።

«ቢያንስ ዝንብ ታጠፋለች አይደል?» የሚል ደግሞ አይጠፋም። አዲስ አበባ ያለች የእህቴ ልጅ በደወለች ቁጥር «ጋሼ፣ ከዚያች ላክልን፤ ዝንብ ፈጀን» ትላለች። አንደኛ፣ ተክሏ ዓለም አቀፍ የንግድ ቁጥጥር ካለባቸው ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ ስላለች በሻንጣ ይዞ መሄድ ወረቀት ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ አንድ ወጥመድ አንዲት ዝንብ ይዞ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ሲፈጭ ይቆያል፤ ጥቂት ጊዜ ከበላም በኋላ ይጠቁራል። ቤቱ ውስጥ ያለችው ዝንብ በዚያ ሳምንት ስንት እንደምትራባ አስሉት። ሦስተኛ፣ እውነቱን ከነገርኳችሁ፣ ተክሎቹ ከመምጣታቸው በፊት እዚህ ቤት ዝንብ አልነበረም። ሁልጊዜ እርጥብ የሆነው ፒት ሞስ ጥቃቅን ጥቁር ትንኞች ይፈለፍላል፤ ትንኞቹ ቡናችን ውስጥ ይገባሉ፤ እነሱን ለመያዝ ሰንዲው ይጨመራል፤ ሰንዲው እርጥብ ፒት ሞስ ይፈልጋል። ዞሮ ዞሮ ከቤት ነው። ከደቡብ አፍሪካ ኬፕ የመጣችው ሰንዲው ደግሞ ክረምት በጋ ሳትል ታብባለች፣ ራሷን በራሷ ታራባለች፣ እንደ ዱቄት የደቀቀ ዘሯን በየጎረቤቱ ማሰሮ ትበትናለች። ዛሬ ያልበቀለችበት ማሰሮ የለኝም። የፈለጋችሁትን ያህል ውሰዱ፤ ለምኜ ነው የምሰጣችሁ፤ ማንም ግን አይወስድም፤ ሁሉም የሚፈልገው አፍ ያላትን ነው።

በመጨረሻ ክረምቱ ይመጣል። ቬነስ ፍላይትራፕ ከሦስት እስከ አራት ወር ብርድና አጭር ቀን ትፈልጋለች፤ እንቅልፉ በየዓመቱ ከቀረባት እየደከመች ትሄዳለች። በረንዳ ያለው ሰው ሸፋፍኖ ያወጣታል። በረንዳ የሌለው፣ ማሞቂያው በሕንፃው አስተዳደር እጅ የሆነ፣ በጥር ወር በካናቴራ የሚቀመጥ እንደኔ ያለ ተከራይ ያለው አማራጭ ፍሪጅ ነው። ሥሯን በእርጥብ ሞስ ጠቅልሎ፣ ፕላስቲክ ውስጥ ከቶ፣ ከእንጀራውና ከቅቤው ጎን ያስቀምጣታል። እንቅልፍ ላይ ስትሆን ደግሞ መልክ የላትም፤ ጥቂት አጫጭር፣ ግማሽ የጠቆሩ ቅጠሎች ናቸው።

ይህ እንቅልፍ የሚውለው መቼ ነው? ገና ላይ። ፍሪጁ ለዶሮ ወጥ ቦታ በሚፈለግበት፣ ዘመድ ሁሉ ሊረዳ በሚመጣበት ሰሞን። የባለቤቴ እህት እጀታዋን ሰብስባ ፍሪጁን ከላይ እስከ ታች ጠርጋ፣ መደርደሪያውን በሎሚ ወልውላ ስትጨርስ ደስ ብሏት ጠራችኝ። ፍሪጁ ያበራል። «አንድ የተበላሸ ቆስጣ ነበር፣ ጣልኩላችሁ» አለች። የቆሻሻ መጣያው ጉድጓድ ከሕንፃው አናት እስከ ሥር የሚወርድ ስለሆነ ቆስጣዬን መፈለግ የማይታሰብ ነበር። አመሰገንኳት። ፍሪጅ ጠርጎ የሰጠን ሰው ምን ብላችሁ ትቆጣላችሁ?

እንግዲህ አቤቱታዬ ይኸው። መብራት ሻጮች፦ ቲማቲሙን አንሱና ማይክሮሞሉን አትሙ። ሱቆች፦ ክዳኑን ገልጣችሁ ፀሐይ አያግኛት የሚለውን ወረቀት ቅደዱት። አፈር ሻጮች፦ ምንም የሌለበት ከረጢት ሽጡልን፣ ዋጋውን ጨምራችሁ እንኳ ይሁን። ወዳጆቼ፦ ባዶ እጅ መምጣት ካሳፈራችሁ አንድ ጋሎን ዲስቲልድ ውሃ ያዙልኝ፤ አምቦውን እዚያው መኪናችሁ ውስጥ ተዉት። ጣታችሁንም ከኪሳችሁ አታውጡ።

አክስቴ፣ እርስዎን ደግሞ እጅ ነሥቼ እለምናለሁ። ለሚመጣው ፋሲካ ጉርሻውን፣ አንዱንም ሁለቱንም፣ ለእኔ ያድርጉልኝ። እሷ በድህነቷ ተመችቷት ትኖራለች፤ መብራቷን ብቻ አያጥፉባት።